የመጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትራችሁ፦ ባሕር ዳር ላይ ለምትሮጡ

ቲሸርቱን ተቀብላችኋል። ጓደኛ ጎትጉቷችሁም ይሁን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በጅምላ አስመዝግበዋችሁ፣ አንዴ ገብታችሁበታል። አሁን ማታ ጋደም ስትሉ «ለመሆኑ 10 ኪሎ ሜትር እችለዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ትችሉታላችሁ። ሐኪም አትሩጥ ያላለው ሰው፣ ሁለት ወር ካገኘና ካልቸኮለ፣ ይችለዋል።

እኔ የመጀመሪያዬን የሮጥኩት ማንም ምንም ሳይነግረኝ ነው። ሩጫው ሲጀመር ሰው ሁሉ ሲፈተለክ አብሬ ተፈተለክኩ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኔን ወጋኝ። ሦስተኛው ላይ አዲሱ ካልሲዬ ተረከዜን ልጦት ነበር። የመንገዱን ጠርዝ ይዤ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳለከልክ አንድ ሽበታም አባት በሶምሶማ አጠገቤ ደረሱ። አልቆሙም። «ልጄ፣ ቀስ በይ፤ መንገዱ አይሸሽሽም» ብለውኝ አለፉ። ከዚያ በኋላ የእሳቸውን ጀርባ በዓይኔ ይዤ፣ ግማሹን እየሮጥኩ ግማሹን እየተራመድኩ ገባሁ።

እዚህ የምጽፈው ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምወደውን ነው። ነገሩ ሁሉ ከእኒያ አባት ቃል አይርቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮጡ ሰዓት ለማስመዝገብ አይደለም የምትወጡት። ደስ ብሏችሁ ገብታችሁ፣ ለሚቀጥለው ራሳችሁ እንድትመዘገቡ ነው።

መጀመሪያ፦ ሰውነታችሁን ጠይቁ

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚይዛችሁ ከሆነ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ያያችሁ።

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። ወባ ታማችሁ በቅርቡ የተነሳችሁ ከሆነ አትቸኩሉ። ወባ ደም ያሳንሳል። ትኩሳቱ ለቋችሁ፣ መድኃኒቱን ጨርሳችሁም እንኳ ጉልበት ቶሎ አይመለስም። መጀመሪያ ተራመዱ። መራመዱ ሳያደክማችሁ ሲቀር ያኔ ሶምሶማ ጀምሩ። ሩጫው ደርሶባችሁ ከሆነ ደግሞ ቲሸርቱን ለብሳችሁ ከዳር ሆናችሁ አጨብጭቡ። ምንም ነውር የለውም።

ስምንቱ ሳምንት

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ወጥቶ አምስት ኪሎ ሜትር በአንድ ትንፋሽ ይሮጣል፣ አራት ቀን እያነከሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ይተወዋል። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው። የቸኮለ ሰው የሚጎዳው ትንፋሹ የቻለውን እግሩ ሳይችለው ሲቀር ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንበል። መሐል ላይ የዕረፍት ቀን መኖሩ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዲህ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ። ይህን 8 ጊዜ ደጋግሙት። በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተራምዳችሁ ወደ ቤት። «ይሄማ ምን አላት!» ያሰኛል። ግድ የለም፣ ያሰኝ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ 3 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ ይሁን፤ 7 ወይም 8 ጊዜ። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፤ ሦስት ጊዜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ረዘም አድርጉት፤ ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ይድረስ። ሰባተኛው ቅዳሜ 8 ኪሎ ሜትር። በእርምጃ እያቆራረጣችሁም ቢሆን ችግር የለም።

ከሩጫው በፊት 10 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ መሮጥ አያስፈልግም። 8 የሮጠ ሰው የቀሩትን ሁለቱን በሕዝቡ ሞቅታ ይጨርሳቸዋል። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ። ሁለት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ ብቻ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ጭራሽ አትሩጡ። በዚህ ሳምንት እግራችሁ «እንሂድ እንሂድ» ይላችኋል። አትስሙት። ያ ጉልበት ለእሑዱ ሩጫ የተቀመጠ ነው።

ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን የምታውቁት በሰዓት አይደለም፣ በወሬ ነው። ከጎናችሁ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። «እ... እሺ... ቆይ...» ከሆነ ፈጥናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የምትወዱትን መዝሙር ወይም ዘፈን አንድ ስንኝ በለሆሳስ በሉ። አንድ ሳምንት ካመለጣችሁ ደግሞ ለማካካስ ሁለት እጥፍ አትሩጡ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ሁለቱም ባታችሁና ጭናችሁ እኩል ቢያማችሁ የልምምድ ሕመም ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። አንድ ጉልበት ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ እንደ መርፌ ከወጋችሁና እየሮጣችሁ ሲብስ ግን አቁሙ።

የት ልሮጥ?

ባሕር ዳር ለጀማሪ የተሠራች ከተማ ናት ብል አላጋነንኩም። ሜዳ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ እንደ አዲስ አበባ አይሳሳም። መንገዶቿ በዘንባባ ጥላ የተያዙ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ የምመክረው ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ ጣናን ተከትሎ መሄድን ነው። ሐይቁ ፊታችሁ ነው፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ታንኳ የሚቀዝፉትን ስታዩ ደቂቃው ሳይታወቃችሁ ያልፋል።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ውጡ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ነው። ቀስ ብሎ ለሚሮጥ ሰው ሦስት ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓት መያዝ አይጠበቅባችሁም። በሶምሶማ ተሻገሩ፣ ጫፉ ላይ አንድ ደቂቃ ተራመዱ፣ ተመለሱ። የእግረኛ መንገዱን ይዛችሁ፣ ከመኪናው ራቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ድልድዩ ላይ ጥላ የለም። ነፋሱ ሲነሳ ከጎን ይገፋል። የሩጫችሁ መስመር ዓባይን የሚያቋርጥ ከሆነ እዚህ አስቀድሞ መለማመዱ ዋጋ አለው።

ዳገት ለሚፈልግ የቤዛዊት ኮረብታ አለ። ግን ከስድስተኛው ሳምንት በፊት አትሞክሩት። ስትወጡ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ መሬት መሬት ሳይሆን ጥቂት ሜትር ፊት ፊታችሁን እዩ። ስትወርዱ ደግሞ አትንደርደሩ፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው። ኮብልስቶን ላይ ብዙ አትሩጡ፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሲነጋ ነው የሚሻለው። ጨለማ ላይ አትውጡ። ውሻ አለ፣ ያልታየ ጉድጓድ አለ፣ የደኅንነቱም ነገር አለ። ከጓደኛ ጋር ሁኑ፣ ለቤተሰብም የምትሄዱበትን ተናገሩ። በተለይ ሴቶች። ከመኪና መንገድ ውጭ ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ። ባጃጅ ከኋላ ድምፁ ሳይሰማ ይደርሳል። የጆሮ ማዳመጫ ካደረጋችሁ አንዱን ጆሮ ነፃ ተዉት።

ከ3 ሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ፀሐይ ሌላ ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ይብሳል። እንቅልፍ ይዟችሁ አርፍዳችሁ ከተነሳችሁ ማታ 11 ሰዓት ላይ ውጡ።

እዚህ ተለማምዳችሁ አዲስ አበባ ለምትሄዱ አንድ ቃል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫም 10 ኪሎ ሜትር ነው። ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ዳገትም አላት። እዚህ በምትሮጡበት ፍጥነት እዚያ ከጀመራችሁ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ሲያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ፍጥነት ቀንሱ እንጂ ልምምዳችሁ የትም አልጠፋም።

ጫማ

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል የሮጠው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። ግን አበበ በባዶ እግሩ መሮጥን ያውቅበት ነበር፣ ተለማምዶበታል። የእሱ ትምህርት ጫማ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ያልለመዳችሁትን በሩጫው ቀን አትሞክሩ የሚል ነው።

ውድ ጫማ አልልም። ልባሽ ተራም ጥሩ ጫማ ይገኛል። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ሶሉን አገላብጡት፤ በአንድ በኩል ብቻ የተበላ ከሆነ ተዉት። መሐሉን ይዛችሁ እጠፉት፤ እንደ ካልሲ ለሁለት ከተጣጠፈ ሞቷል። አድርጋችሁት ቁሙ፤ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። ማታ ሂዱ ግዙ፣ ምክንያቱም እግር ሲውል ያብጣል፣ ሩጫ ላይም ያብጣል። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተለማመዱበት።

ካልሲውም እንደዚያው። እኔን ያቆሰለኝ ጫማው አልነበረም።

ሆድ

ከሩጫው በፊት ባለው ማታ ከባድ ነገር አትብሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ለሌላ ቀን። እንጀራ በአልጫ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ወይም አጠገባችን ያለው የፎገራ ሩዝ ይሻላል። ጥግብ እስክትሉ አትብሉ፣ ቀደም ብላችሁም ብሉ። የተጠበሰው የቆሮሶ ዓሣ ይቆይላችሁ፤ ከሩጫ በኋላ ነው የሚጣፍጠው። ጠላውም፣ ቢራውም እንደዚያው።

ጠዋት፣ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ቀለል ያለ ነገር። ለእኔ ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም። ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር ወይም ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፤ በጥብጦ መጠጣት። ሆድ ላይ አይከብድም፣ ጉልበቱም ይቆያል። ካልወደዳችሁት ሙዝና ዳቦ በማር። የትኛውንም ብትመርጡ ግን በልምምዱ ቅዳሜዎች አስቀድማችሁ ሞክሩት። በሶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩጫው ጠዋት የጠጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አያውቅም።

ቡና የለመደ ሰው ቡናውን አይተው፤ ከተወው ራስ ምታት ይዞት ይሮጣል። አንድ ሲኒ፣ ከሩጫው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ከዚያ ሽንት ቤት። ውሃ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ጠጣ ጠጣ እያደረጋችሁ ቆዩ። ጠዋት ተነስቶ አንድ ትልቅ ሃይላንድ በአንዴ መገልበጥ አይጠቅምም። ሆድ ያንቦጫቡጫል፣ ሽንት ሽንት ያሰኛል፣ ከመጠን ሲያልፍም የደም ጨው ያቀጥናል።

በጾም ወቅት የምትለማመዱ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ወደ ማታ፣ መብላት ወደምትችሉበት ሰዓት አስጠጉት። ረመዳን ላይም እንዲሁ፤ ካፈጠራችሁና ሆዳችሁ ካረፈ በኋላ። በባዶ ሆድና በደረቀ ጉሮሮ ጠዋት 8 ኪሎ ሜትር መሮጥ ብርታት አይደለም። እሑድ ጠዋት የሚቆርብ ሰው ደግሞ ሩጫውን ይተወው። ሁለቱን አንድ ቀን ላይ ማድረግ አይቻልም።

ዋዜማ

ማታ ሁሉንም ነገር አልጋችሁ ላይ ዘርጉት። ቲሸርት፣ ቁምጣ ወይም ታይት፣ ካልሲ፣ ጫማ፣ ቁጥር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ቫዝሊን፣ ሶፍት፣ ትንሽ ገንዘብ። ቲሸርቱን አስቀድማችሁ አንዴ እጠቡት። አዲስ ጨርቅ ይሻክራል፣ ቀለምም ይለቃል። የሚቻል ከሆነ አንድ ቀን ተለማመዱበት።

ቁጥሩን ጠዋት ላይ አታድርጉት። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩ ይጣመማል፣ መርፌው ጣት ይወጋል። ማታ ቲሸርቱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። ቁጥሩን ደረት ላይ ሳይሆን ከደረት ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሆድ አካባቢ አስቀምጡት፤ እዚያ ሲሆን ትንፋሽ አይይዝም። አራቱን ማዕዘን በአራት መርፌ ቁልፍ ያዙት። መርፌው ወረቀቱን በስቶ ይግባ፣ ጨርቁን ይያዝ፣ ተመልሶ በወረቀቱ ይውጣ። ሁለት ጊዜ ያልበሳ መርፌ በነፋስ ይገነጠላል። የሰዓት መቁጠሪያ ቺፕ የተለጠፈበት ከሆነ አትጠፉት፣ አትሸብሽቡት። ከዚያ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ስማችሁን፣ የቅርብ ሰው ስልክ፣ ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉ። ይህን አብዛኛው ሰው አያደርገውም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እባካችሁ አድርጉት።

ከቤተሰብ ጋር የምትገናኙበትንም ቦታ ማታ ተስማሙ። «መጨረሻው ላይ» አትበሉ፤ ሰው ሁሉ መጨረሻው ላይ ነው። ኔትወርክም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ይጨናነቃል። ከመድረሻው አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ምረጡ፤ አንድ ጀበና ቡና የሚጠጣበት ቤት ቢሆን ይመረጣል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይደክመዋል።

ሌላ ማጣራት ያለባችሁ መንገዱ ለመኪና የሚከፈትበትን ሰዓት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 8 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከጨረሳችሁ፣ 10ሩ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳችኋል። ሙሉ በሙሉ ብትራመዱ እንኳ ፈጠን ካላችሁ በሁለት ሰዓት ትገባላችሁ። ይህን አስልቶ የተኛ ሰው ጠዋት አይረበሽም።

ጠዋት፣ መነሻው ላይ

ቀድማችሁ ድረሱ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት። መንገዱ ስለሚዘጋ ባጃጁ በር ላይ አያደርሳችሁም። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእግር ትሄዳላችሁ። እሱ ማሟሟቂያ ይሁናችሁ። የሽንት ቤት ሰልፉ ረጅም ነው፤ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ እዚያ ተሰለፉ፣ ባይመጣባችሁም።

ቫዝሊኑን አሁን ተቀቡ። ብሽሽት፣ ብብት፣ የጡት መያዣ የሚነካው ቦታ፣ ተረከዝ። ወንዶች የጡት ጫፍ ላይም፤ ላብ ያራሰው ቲሸርት ያደማል።

መነሻው መስመር ላይ ወደ ፊት አትሂዱ። ይህን አስምሩበት። ከፊት የሚቆሙት ለማሸነፍ የመጡ ናቸው። እነሱ መሐል የቆመ ጀማሪ ወይ ይገፈተራል ወይ አብሮ ይፈተለካል፣ እኔ እንዳደረግሁት። ከመሐል ወደ ኋላ፣ ወደ ዳር ቁሙ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጭራሽ ከኋላ።

ሩጫው ከተጀመረ በኋላ የመነሻውን መስመር እስክትደርሱ ብዙ ደቂቃ ቆማችሁ ትጠብቁ ይሆናል። መጀመሪያ ጭብጨባ ይሰማል፣ ከዚያ ከፊት ያለው የቲሸርት ባሕር ወዝወዝ ይላል፣ እናንተ ግን ገና አልተነቃነቃችሁም። ትዕግሥት ያልቃል። ቺፕ ካለ ሰዓታችሁ የሚቆጠረው መስመሩን ስትረግጡ ነው። ቺፕ ባይኖርም ግድ የለም። ከማን ጋር ነው የምትሽቀዳደሙት?

መንገድ ላይ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከልምምዳችሁ ፍጥነት እንኳ ቀስ ያሉ ይሁኑ። ሰው ግራና ቀኝ ያልፋችኋል። ትንንሽ ልጆች ያልፏችኋል። እናቶች በነጠላ ያልፏችኋል። ይለፉ። ሰው መሐል እየተሽሎከለካችሁ ለመቅደም አትሞክሩ። ዚግዛጉ ጉልበት ይበላል፣ መንገዱንም ያረዝማል። የወሬውን ፈተና እዚህ ተጠቀሙበት፤ ከጎናችሁ ያለውን ሰው «እንደምን አደርክ፣ ከየት ሰፈር ነህ?» በሉት። መልሱን ሰምታችሁ መመለስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መንገዱ ይከፈታል። ያኔ የተለማመዳችሁትን ፍጥነት ያዙ። የተለማመዳችሁት በእርምጃ እያቆራረጣችሁ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩት፣ እስኪደክማችሁ አትጠብቁ። 10 ደቂቃ ሮጣችሁ 1 ደቂቃ መራመድ፣ ሳይደክማችሁም። ደክሟችሁ የተራመዳችሁት እርምጃ ለመነሳት ይከብዳል።

ለመራመድ፣ ለፎቶ ወይም ጫማ ለማሰር ስትፈልጉ ድንገት አትቁሙ። እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ወደ ዳር ውጡ፣ ከዚያ ቁሙ። ከኋላችሁ የሚሮጥ ሰው አለ። ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ መንገዱን አትዝጉ፤ ሁለት ሁለት ሁኑ። ጭፈራው ግን አይቅር። ከበሮ ይዘው የሚሮጡ ልጆች ያጋጥሟችኋል። ክብ ሠርተው እስክስታ ሲመቱ ደስ ካላችሁ ገብታችሁ ምቱ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሁለት ደቂቃ ቢያልፋችሁ ምን ጎደለባችሁ? ከተማችሁን ያለ መኪና፣ በመንገዱ መሐል እየሄዳችሁ የምታዩት በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ፎቶውንም አንሱ። ስልካችሁን ብቻ ከእጃችሁ ላይ እንዳይነጠቅ ያዝ አድርጉት።

የውሃ ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ አትረባረቡ። ሁሉም እዚያ ነው የሚጋፋው፤ መጨረሻው ጠረጴዛ ባዶ ነው። በኩባያ ከሆነ የኩባያውን አፍ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት፣ እንደ ጀበና አፍ ይሾላል፤ ያኔ አይደፋባችሁም፣ አያንቃችሁም። እየተራመዳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎንጩ። ፀሐዩ ከበረታ ቀሪውን አናታችሁ ላይ።

ሃይላንዱንና ክዳኑን መንገድ ላይ አትወርውሩ። ክዳኑ ከኋላ ያለውን ሰው እግር ያንሸራትታል። ፕላስቲኩ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ በቦዩ ወርዶ ጣና ነው የሚገባው። ሐይቁ በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል። ማጠራቀሚያ እስክታገኙ በእጃችሁ ያዙት። ባዶ ሃይላንድ ክብደት የለውም።

ጎናችሁን ከወጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ የሚወጋውን ቦታ በእጃችሁ ጫን አድርጉ፣ አየሩን በረጅሙ አውጡ። ብዙ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ይለቃል። ባታችሁ ከተኮማተረ ዳር ቁሙ፣ ተረከዛችሁን መሬት አስነክታችሁ ግድግዳ ወይም ዛፍ ገፋ አድርጉ። ደረት ከያዛችሁ፣ ራስ ካዞራችሁ፣ ላብ ድንገት ከቆመና ብርድ ብርድ ካላችሁ ግን ሩጫው እዚያ ላይ አብቅቷል። ተቀመጡ፣ ሰው ጥሩ። ሌላ ሰው እንደዚያ ሆኖ ካያችሁትም አብራችሁት ቁሙ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ከባዶቹ ናቸው። ሞቅታው በርዷል፣ መድረሻው አይታይም፣ ፀሐዩ ወጥቷል። እዚህ ላይ ሩቅ አታስቡ። ቀጣዩ ዘንባባ፣ ከዚያ ቀጣዩ። እኔ የማደርገው ይሄንን ነው። ዘንባባ በማይኖርበት ቦታ የመብራት እንጨት እቆጥራለሁ።

ከገባችሁ በኋላ

መስመሩን አልፋችሁ እዚያው አትቁሙ፣ አትቀመጡም። ከኋላ ሰው እየመጣ ነው። ደግሞም በአንዴ የቆመ ሰው ያዞረዋል። አሥር ደቂቃ ተራመዱ። ሜዳልያችሁን ተቀበሉ፣ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጠጡ፣ ላብ ያራሰውን ቲሸርት በደረቅ ቀይሩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙዝም ይሁን ዳቦ የሆነ ነገር ቅመሱ። ላባችሁ ደርቆ ፊታችሁ ላይ እንደ ጨው ከነጣ ጨው ያለበት ነገር ያስፈልጋችኋል።

ጣና ቅርብ ነውና የነደደ እግርን እዚያ መንከር ያምራል። አታድርጉት። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው፣ የተላጠ ይሁን ያልተላጠ አይመርጥም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም አለ። ቤት ግቡና ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አድርጋችሁ እግራችሁን አሥር ደቂቃ ንከሩ። ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ አታፈንዱት፤ ትልቅና የሚያሳምም ከሆነ ጤና ጣቢያ አሳዩት። ከዚያ ቆሮሶው።

ሰኞና ማክሰኞ ደረጃ መውረድ ከመውጣት ይብስባችኋል፤ ጭን ነው የሚይዘው። ድጋፉን ይዛችሁ ውረዱ። እነዚህን ቀናት ተራመዱ እንጂ አትሩጡ። ሐሙስ ጠዋት እግራችሁ ከለቀቃችሁ፣ ያንኑ ጫማ አድርጋችሁ፣ በሐይቁ ዳር ሃያ ደቂቃ ሶምሶማ ውጡ።